የአራስ ቤቱ ዝምታ

ሕፃኑ ሞቶ የተገኘው እሑድ ማለዳ፣ አንኮበር በጉም ተውጣ የጎረቤት ጣራ እንኳ በማይታይበት ሰዓት ነበር። ከተወለደ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ በአፍንጫው ቀዳዳ አረፋ ደርቋል። ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቀበሩት። አባቱ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት የመቃብሩን አፈር ከእጃቸው ሳያራግፉ በቀጥታ ወደ ጣሊያኑ ምሽግ ወጡ።

"ልጄን መርዛ የገደለችው አዋላጇ ናት" አሉ። "ከራስጌው የእሷን ቋጠሮ አግኝቻለሁ።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ አዋላጇ ኡሙሀኒ ከአሊዩ አምባ ተይዛ፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ ወጥታ፣ ከምሽጉ የበቅሎ ጋጥ ገባች።

ጉዳዩ የተሰጠው ለሹምባሽ ኃይለ ገብርኤል ነው። ሹምባሽ ጣሊያን ለአገሬው ሰው የሚሰጠው ትልቁ የወታደር ማዕረግ ነበር። ኃይለ ገብርኤል ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ፖሊስ ነበር፤ ዱካ መከተልና ውሸትን ከድምፅ መለየት እዚያ ተምሯል። ጣሊያን ከእስር ቤት አውጥቶ "ሙያህን አሳየን" ሲለው ኮፍያቸውን ደፋ። ከዚያ ወዲህ እሱ በመንገድ ሲያልፍ፣ ቆመው የሚጫወቱ ሰዎች በድንገት ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ።

የምሽጉ አለቃ ማሬሻሎው ጫማውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ጠበቀው።

"የሴትዮዋ ልጅ፣ ረሺድ የሚሉት፣ ለሽፍቶቹ ጥይት ያመላልሳል ይባላል። እናቲቱ ደግሞ ሕፃን ገደለች። ጥሩ ቤተሰብ ነው። ሐሙስ መኪናው ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ እስከዚያ የእምነት ቃሏን አምጣልኝ።"

"ካላመነችስ ጌታዬ?"

"ገመዱ የእሷን ቃል አይጠብቅም።"

በሐሙሱ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አንኮበር አታውቅም። ኃይለ ገብርኤል በጣቱ ቈጠረ። አራት ቀን አለው።

*

ሰኞ ጠዋት ኡሙሀኒን ጭድ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሃምሳን ያለፈች፣ ጣቶቿ ረዣዥም፣ ዓይኗ ሰው የማይፈራ ሴት ናት።

"እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?" ቋጠሮውን አሳያት።

"ጥቁር አዝሙድ።"

"መሪጌታ መርዝ ነው ይላሉ።"

"መሪጌታ ዜማ ያውቃሉ እንጂ ቅመም መች ያውቃሉ!" ቋጠሮውን ከእጁ ነጥቃ ፈታችና፣ አንድ እፍኝ ወደ አፏ ከትታ አኝካ ዋጠች። "በል ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ከሞትኩ ለጣሊያኑ የመኪናው ነዳጅ ተረፈለት።"

ጠበቀ። አልሞተችም፤ ይልቅ ውኃ ጠየቀችው።

"ለምን ሰጠሻቸው ታዲያ?"

"አፍንጫው ለታፈነ ሕፃን በጨርቅ ቋጥረው፣ አሙቀው ያሸቱታል። እነዚያ መንቶች ደግሞ ሲወለዱ ጀምሮ ትንፋሻቸው አላማረኝም።"

"መንቶች?"

"አልነገሩህም? ሴቷ አለች እኮ! የእናትየው ወተት ለሁለት አልበቃ ቢል፣ በሦስተኛው ቀን ለጎረቤቷ ለይርጋለም ሰጧት።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስማኝ ሹምባሽ። ሠላሳ ዓመት አዋልጃለሁ። ታፍኖ የወጣ አይቻለሁ፣ ሰንፎ የወጣ አይቻለሁ። እነዚህ ግን፣ ወላሂ፣ ሰክረው የተወለዱ ነው የመሰሉኝ። እግራቸውን ይዤ ጀርባቸውን ብመታ፣ ብመታ፣ እንደ ምንም ተነፈሱ እንጂ ደኅና አድርገው አላለቀሱም። ለአያቲቱም 'እማሆይ፣ ማልቀስ ያልቻለ ልጅ ቅቤ አያውጡት' አልኳቸው። ገላምጠውኝ ዝም አሉ።"

ኃይለ ገብርኤል ቃሏን ጻፈ። ስለ ቅቤው የተናገረችውን ግን ልብ አላለውም። በሸዋ ለጋ ቅቤ ሳይውጥ የሚያድግ ሕፃን የለም፤ አንጀቱን ያለሰልሳል፣ ድምፁን ያሳምራል ተብሎ ጎሕ ሲቀድ በጣት ይሰጠዋል። እሱም ውጦ ያደገ ነው።

*

ከመሪጌታ ቤት ደጃፍ እናታቸው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ቆመው ጠበቁት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኰሱ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው።

"ወንድ አራስ ቤት አይገባም" አሉት።

"ሹምባሽ ነኝ እማሆይ።"

"ሹምባሽ ወንድ አይደለም?"

ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ። ከበሩ ወዲህ መደብ ላይ አስቀመጡት። በእሱና በአራሷ መካከል ወፍራም ጋቢ ተጋርዷል። ያን ቀን ኃይለ ገብርኤል የመረመረው ድምፅ ብቻ ነው፤ ዕቃ አላየ፣ ፊት አላየ።

"እመት አመተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ልጁ ከመሞቱ በፊት ያስል ነበር?"

"አያስልም ነበር።" ድምፅዋ ከሩቅ፣ ከሞቀ ውኃ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። "ጸጥ ያለ ልጅ ነበር። እንቅልፋም።"

አላለቀሰችም። በትናንትናው ዕለት ልጇን የቀበረች እናት እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም። ጥርጣሬው ከኡሙሀኒ ተነሥቶ ጋቢው ላይ አረፈ።

"የልጄ ሚስት ብዙ ያየች ናት" አሉ እማሆይ እንደ መከላከል ብለው። "ክረምቱን ሳል ሲያንዘፈዝፋት፣ በስድስት ወሯ ደም ታይቷት፣ ጽንሱ ወረደ ብለን ነበር። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳላትም። በጸሎት ነው።"

"ቅዳሜ ወደዚህ ቤት ማን መጣ?"

"ሰው አልመጣም። ወንድሟ ኪዳነ ማርያም ብቻ፣ እሱም ደጅ ቆሞ ሄደ።"

ኪዳነ ማርያምን ያውቀዋል። የምሽጉ ሐኪም ቤት አስታማሚ ነው።

"ምን ይዞ መጣ?"

"ማር" አሉ እማሆይ።

"አጃ" አለች አመተ ማርያም ከጋቢው ወዲያ፣ በዚያው ቅጽበት።

ኃይለ ገብርኤል ሁለቱንም ጻፈ። 

*

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ኪዳነ ማርያም ፋሻ ይጠቀልል ነበር። ሹምባሹን ሲያይ ፋሻው ከእጁ ወድቆ እስከ በሩ ተተረተረ።

ኃይለ ገብርኤል መደርደሪያውን አየ። አቧራው ላይ የጠርሙስ ቂጥ ያረፈባቸው ስምንት ክብ ምልክቶች አሉ፤ ጠርሙሶቹ ግን ሦስት ናቸው።

"አምስቱስ?"

"ተሰበሩ።"

"አምስቱም?"

"መደርደሪያው ያዘነብላል።"

ኃይለ ገብርኤል መደርደሪያውን በእጁ ገፋ አደረገው። ንቅንቅ አላለም።

"ምንድን ነው በውስጡ ያለው?"

"ሽሮፖ። የሳል መድኃኒት። ለወታደሮቹ ነው።"

"ለእህትህ ቅዳሜ ምን ወሰድክላት?"

"አጃ።"

"እማሆይ ማር ነው አሉ።"

"ማርም ነበረበት።" የአንኮበር ብርድ አጥንት በሚቈረጥምበት ቀን የአስታማሚው ግንባር ላብ አወጣ።

ኃይለ ገብርኤል ሲወጣ ነገሩ የተገለጠለት መሰለው። ከጣርማ በር እስከ ቆላው ድረስ ጫካው በአርበኞች የተሞላ ነው፤ በብርድ ያስላሉ፣ ይቈስላሉ። አስታማሚው መድኃኒት ወደ ጫካ ያሾልካል! ይህን ለማሬሻሎው ቢነግር ኪዳነ ማርያም በሐሙሱ መኪና ከኡሙሀኒ ቀድሞ ይጫናል። አልነገረም። ለምን እንዳልነገረ ራሱን ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ሄደ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ስለ ሕፃኑ ሞት የሚነግረው ነገር አልነበረም። ከሁለት ቀን በላይ አልቀረውም፤ በእጁ ያለው አንድ ሌላ ወንጀል ብቻ ነው።

*

ማክሰኞ ከሰዓት ይርጋለምን ከቤቷ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኛት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የራሷን ልጅ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ናት።

"ሴቷን ሕፃን ላያት እችላለሁ?"

"አረፈድክ። ዛሬ ጠዋት ለእናቷ መለስኳት። ልጁ ሞቶባት ጡቷ አግቶ ስታቃስት ጊዜ፣ ምን ላድርግ? ልጅዋ ናት።" ዓይኗን ጠረገች። "ናፈቀችኝ መሰለህ? በአንድ በኩል ተገላገልኩ። የዚያች ልጅ ጩኸት!"

"ትጮህ ነበር?"

"የመጀመሪያዎቹን አራት ቀንማ አትጠይቀኝ። ዓይኗን አልከደነችም። እጅ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ታስነጥሳለች፣ ታልባለች፤ ቡዳ በላት ብለን ነበር። ኋላ ተዋት፣ ጤነኛ ሆነች። ጩኸቷ ብቻ አልቀረም። እማሆይ ጎሕ ሲቀድ መጥተው ቅቤ ሲያውጧትማ የመንደሩን ውሻ ሁሉ ነው የምታስጮኸው! ታስላለች፣ ትተፋዋለች፣ ፊታቸው ላይ ትረጨዋለች። እማሆይ 'ወንድሟ ጨዋ፣ ይህች ጋለሞታ' ይሏታል።"

"ወንድሟስ አይተፋም ነበር?"

"እሱ? እንደ ጠንበለል ቅጠል ጸጥ ያለ። አፉን ከፍተው ያፈሱለታል፣ እሱ ይተኛል።"

ኃይለ ገብርኤል ከጓሮው ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠ። ከበታቹ ጉሙ እንደ ባሕር ተኝቷል። አንድ ማኅፀን። አንዲት አዋላጅ። አንድ ቋጠሮ ጥቁር አዝሙድ። ቅቤውም አንድ፣ ጣቱም አንድ። አንዱ ሞተ፣ አንዷ ትጮኻለች። ሟቹ ያገኘው፣ እሷ ያላገኘችው ነገር ምንድን ነው?

የእናቱ ጡት ነው።

ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ያላሳለች እናት። ልጇን ቀብራ በለስላሳ ድምፅ የምታወራ እናት። አምስት ጠርሙስ የሳል መድኃኒት። ጫካ የሄደ ጠርሙስ የለም!

ከዚያም ይርጋለም ያለችው ትዝ አለው። ዛሬ ጠዋት ለእናቷ መለስኳት።

ተነሥቶ ሮጠ፤ ግን የመሪጌታን ቤት ተዘግቶ አገኘው። እማሆይ በበሩ ስንጥቅ "አራስና ሕፃን ተኝተዋል፤ ለዛሬ በቃችሁ" አሉት። ጆሮውን ጣለ። ከውስጥ የልጅቷ ጉርምርምታ ተሰማው። አለች ማለት ነው። መጠርጠር እንጂ መያዣ የለውም፤ በዚህ አራስ ቤት በር ሰብሮ ቢገባ መንደሩ በድንጋይ ይወርድበታል። እየከበደው ተመለሰ።

*

ረቡዕ ፀሐይ ስትወጣ በመደቡ ላይ ነበር። ከጋቢው ወዲያ ድምፅ የለም።

"እማሆይ፣ ሕፃኗ ቅቤዋን ዋጠች?"

"ዋጠች እንጂ!" ፊታቸው በራ። "የእናት ቤት እኮ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ቀረ። ዛሬማ እንደ ወንድሟ ሆና፣ ሳታለቅስ፣ ሳትተፋ…"

ኃይለ ገብርኤል ጋቢውን ገለበው።

እማሆይ እሪ አሉ። አመተ ማርያም ግማሽ ዓይኗን ከፍታ አየችው፤ ጥቁሩ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ሕፃኗ ከጎኗ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ሊጠቁር ጀምሯል፣ በአፏ ጥግ ቅቤ ይወርዳል። ደረቷ አንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሲጠብቁት፣ ሲጠብቁት ሌላው አይመጣም።

አነሣትና በክንዱ ላይ በደረቷ ደፋት። ቅቤው በአፍንጫዋ ፈሰሰ። ጀርባዋን መታ፤ ውስጥ እግሯን በጥፍሩ ጫረ።

"ምን ስትጠጪ ነበር? ንገሪኝ! ይህችም በእጄ ልትሞት ነው!"

"ምንም…"

"አመተ ማርያም!"

እናትየው ልጇን አየች። ከዚያ ደንበር ገተር እያለች ተነሥታ ከፍራሿ ሥር ጥቁር ጠርሙስ አወጣች። "ኪዳኔን አትንኩት" አለች። "እኔ ነኝ የለመንኩት። ሳሉ ልጆቼን ሊያስወርደኝ ነበር። መሪጌታ የፈረንጅ መድኃኒት ከቤቴ አይግባ ስላሉ ነው የደበቅሁት። ኋላ ልተወው ብል ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለኝም…" ጠርሙሱን ወደ እሱ ገፋችው። "እኔ ነኝ እንዴ? እኔ ነኝ?"

ያን ጊዜ ሕፃኗ አሳለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ቀጥላ ጮኸች። ኃይለ ገብርኤል እንደ ያዛት ወደ ይርጋለም ቤት ሮጠ፤ ሹምባሽ በአደባባይ ሕፃን ታቅፎ ሲሮጥ ያየ ሰው ሁሉ ከመንገድ ገለል አለ።

*

ኡሙሀኒ የጠርሙሱን አፍ አሸተተች፤ በጣቷ ነክታ ቀመሰችና እንትፍ አለች።

"ስኳር አብዝተውበታል እንጂ አፍዮን ነው፤ ሰውን የሚያደነዝዝ። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች ቁርጠት ሲይዛቸው ይወስዱት ነበር። ሳልን ያስተኛል። ግን ሳል እኮ በረኛ ነው ሹምባሽ። እናትየው ስትጠጣ በደምም በወተትም ለልጁ ይደርሰዋል፣ የእሱም በረኛ ይተኛል። በረኛው የተኛበት ልጅ ቅቤ ሲሰጡት ወደ ሆዱ ይግባ ወደ ሳንባው አያውቅም።" ጠርሙሱን መለሰችለት። "እናትየውን በአንድ ቀን አትንጠቋት፤ ትታመማለች። በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱላት። ልጅቷን ግን ጡቷን አያስነኳት።"

"ነገ መኪናው እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?"

"የጋጡ በር ቀዳዳ አለው፤ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ።"

በዚያው ከሰዓት ኃይለ ገብርኤል ወረቀትና ቀለም ይዞ ከመሪጌታ ቤት መደብ ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እማሆይ ከፊቱ ቆመዋል።

"መድኃኒቱን ብጽፍ" አላቸው፣ "የወታደር መድኃኒት የሰረቀ ሰው እህቴን ነው የረዳሁ ቢል የሚያምነው የለም፤ ለሽፍታ ነው ብለው ኪዳነ ማርያምን ይሰቅሉታል። ባልጽፍ ኡሙሀኒ ትሰቀላለች። ገዳይ ሳይዙ አይተዉኝም።"

ከጋቢው ወዲያ የአመተ ማርያም ለቅሶ ይሰማል። አሁን የእናት ለቅሶ ነው።

"ቅቤውን ማን አዋጠው?" አሉ እማሆይ።

"እርስዎ።"

"አዋላጇ አያውጡት ብላኝ ነበር?"

"ነግራዎት ነበር።"

"እንግዲያው እሱን ጻፍ። ውሸት አልጨመርክበትም።"

"እማሆይ፣ ምን እንደሚያደርጉዎት አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም።" አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው፣ ገና ያልተጻፈው ወረቀት ላይ አሳረፉ። "ቶሎ በል። ልጄ ከቅዳሴ ሳይመለስ።"

*

ሐሙስ ጠዋት፣ የመኪናው ሞተር ውጪ እየጮኸ፣ ማሬሻሎው ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"በቅቤ? መነኵሲት፣ የልጅ ልጇን፣ በቅቤ? እነዚህን ነው እንግዲህ አሠልጥኑ ብለው የላኩን!" ፊቱን ጠርጎ ኃይለ ገብርኤልን አጥብቆ አየው። "ሹምባሽ፣ ይኸ ብቻ ነው?"

"ይኸ ብቻ ነው ጌታዬ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"የጣት አሻራዋ ከሥሩ አለ።"

ማሬሻሎው ሪፖርቱን አጠፈ። "እስላሚቱን ፍቷት። የመነኵሲቷ ነገር ለእኛ ከመስቀል የበለጠ ይጠቅማል። ቅዳሜ ገበያው መሐል ትቁም፤ አዋጅ ነጋሪ ወንጀሏን ይለፍፍ። ሕዝቡ የራሱን አረመኔነት በራሱ ጆሮ ይስማ። አንተ ከጎኗ ሆነህ ትጠብቃታለህ።"

*

ቅዳሜ እማሆይ ወለተ ሥላሴ በእህል ተራና በከብት ተራ መካከል በድንጋይ ላይ ቆሙ። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን መትቶ "ይህች ሴት የልጇን ልጅ ቅቤ አውጣ ገደለች!" አለ። ሰው ተሰበሰበ። አንዳንዱ አማተበ፤ አንዱ ሰካራም "ጨው ጨምረውበታል ወይ?" ብሎ ቀለደ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም። መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ከዋርካው ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ያን ዕለት ጠዋት ከጋጡ የተለቀቀችው ኡሙሀኒ ወደ አሊዩ አምባ ለመውረድ በአጠገባቸው ስታልፍ ራሳቸውን ቀና ማድረግ አቃታቸው።

ኡሙሀኒ ኃይለ ገብርኤል ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

"ግማሹን ነው የጻፍከው" አለችው በዝግታ።

"ዝም በይና ሂጂ እትዬ።"

እማሆይን አየች። እማሆይም አዩዋት። ኡሙሀኒ እጅ ነሥታ አለፈች።

አዋጁ ሦስተኛ ጊዜ ሲነገር አንዲት ሴት ሰዉን ሰንጥቃ ወጣች። የጌሾ እስር ተሸክማለች። ከሰላ ድንጋይ የመጣች ትመስላለች፤ ኃይለ ገብርኤል አያውቃትም። የወታደር ልብሱን ፈራ ተባ እያለች አየችና፣ እማሆይን ሳይሆን እሱን ተጠጋች።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት አሉ መርማሪው?"

"ነኝ።"

"ሁለት ቀብሬያለሁ። ወንዱን በስምንተኛው ቀን፣ ሴቷን በወሯ። ትንፋሽ ነው የገደላቸው። ቅቤ ያዋጥኳቸው እኔ ነኝ፣ በእጄ።" ጌሾውን መሬት ላይ አስቀመጠች። "እኔ ነኝ?"

ስንት ሰው ጠይቆ፣ ስንቱን አናዝዞ ነበር። የልጆቿን ሳንባ ግን አላየ፣ ትንፋሻቸውን አልሰማ፤ ምናልባት ብርድ ነው፣ ምናልባት ጭስ፣ ምናልባት ቅቤ። እውነቱን የሚያውቅ አፈር ብቻ ነው።

"አላውቅም እናቴ" አላት።

አልሄደችም። ሌላ ነገር ይላት እንደሆነ ፊቱን እያየች ቆመች። ኃይለ ገብርኤል ዓይኑን ከእሷ ሊያሸሽ ቀና ቢል፣ ከኋላዋ ሌላ ሴት ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር፤ ከእሷም ኋላ ሌላ።